ዕጣን የማይስማማት የቄስ ልጅ

ላሊበላን ሰው ሁሉ በአብያተ ክርስቲያናቷ ይለያታል፤ እኔ ግን በጠረኗ ነው የማውቃት። የትኛው ባጃጅ መስታወቱ ላይ ሽቶ የተነከረ ካርቶን እንደሰቀለ፣ የትኛው ፀጉር ቤት በሩን ከፍቶ ቀለም እንደሚቀባ፣ የትኛዋ ባለ ሱቅ ጠዋት ጠዋት ወለሏን በበረኪና እንደምትወለውል አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። በዚያ በኩል ማለፍ ካለብኝ መንገድ እቀይራለሁ። ካልሆነልኝም ትንፋሼን ይዤ እሮጣለሁ። የሚያየኝ ሰው ፖሊስ የሚያሳድደኝ ሳይመስለው አይቀርም።

አስም ነው ያለብኝ። ብርዱ ብዙም አያስቸግረኝም፤ ላስታ ተወልዶ ብርድ አይስማማኝም ማለትማ ያስቃል። የኔ ጠላት ኃይለኛ ጠረን ነው። የሚገርመው ከመጥፎው ይልቅ የሚጠናብኝ መልካሙ ነው፤ ሽቶው፣ የልብስ ሳሙናው፣ ሙሽራ የምትቀባው ሁሉ። መጀመሪያ ጉሮሮዬን ይበላኛል። ቀጥሎ ደረቴ ልክ እንዳልሆነ ቀሚስ ይጠብቀኛል፣ ከዚያ ፉጨቱ ይመጣል። ፉጨቱ ከመጣ ቀልድ የለም።

የጀመረኝ ሆቴል በተቀጠርኩ በዓመቱ ነው። የምሠራው እንግዳ መቀበያው ጋ ነው። እንግዳው ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲመጣ መኪና ውስጥ ሽቶውን ተርከፍክፎ ነው የሚወርደው። እኔም «እንኳን ደህና መጡ» እላለሁ፣ ፓስፖርቱን እቀበላለሁ፣ ቁልፉን እሰጣለሁ፤ ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ ወደ ጓሮ። ጓሮ ሄጄ ፓፌን እስባለሁ። ፓፍ የምንላት ያቺን አፍ ላይ ገጥመው፣ ጫን አድርገው የሚስቧትን የመድኃኒት ዕቃ ነው። አለቃዬ መጀመሪያ «ጓሮ ለጓሮ ምን ያንከራትትሻል?» እያለ ነገር ይፈልገኝ ነበር። አንድ ቀን ፊቱ ሲያፍነኝ አየና ደነገጠ፤ ከዚያ ወዲህ መስኮቱን ራሱ ነው የሚከፍትልኝ። መንገዱ ተዘግቶ እንግዳ የጠፋ ጊዜ ሳንባዬ ትንሽ አርፎ ነበር። ሆዳችን ነው እንጂ ያላረፈው።

የሽቶው ነገር ግን ግድ የለም። «ሽቶ አይስማማኝም» ስል ሰው ሁሉ «ይቅርብሽ፣ ደግሞ ለሽቶ!» ብሎኝ ያልፋል። መከራዬ ዕጣን ነው። ለምን ቢሉ፣ የቄስ ልጅ ነኛ።

አባቴ ከዐለቱ ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ባንዱ ሲቀድሱ ነው ፀጉራቸው የሸበተው። እዚህ አገር ዕጣን የሚሸሽ ማን እንደሆነ ሕፃኑም ያውቃል፤ ሰይጣን ነው። ቅዳሴ ላይ ዕጣኑ ሲዞር አንዷ አስላ ብትንፈራገጥ፣ «ያዟት! ወደ ዕጣኑ አቅርቧት!» ነው የሚባለው። ታዲያ እኔ በየትኛው አፌ ነው «አባ፣ ዕጣንዎ ሊገድለኝ ነው» የምለው? ውስጥ መግባቱን ተውኩና ከላይ፣ ከዐለቱ ጠርዝ ላይ ቆሜ ማስቀደስ ጀመርኩ። የኛ ቤተ ክርስቲያን ወደ መሬት የተቆፈረ ነው፣ ከላይ የቆመ ሰው የሚያየው ጣሪያውን ነው። የአባቴ ድምፅ ከጉድጓዱ ይወጣል፤ ጢሱን ግን እኔ ጋ ሳይደርስ ነፋሱ ይበትነዋል። ለኔ የተመቸ ቦታ ነበር።

ቤታቸው ስሄድም እንደዚያው ነኝ። ጋቢያቸው፣ ጥምጣማቸው፣ የሚቀመጡበት አጎዛ ሳይቀር ዕጣን ነው የሚሸተው። መስቀላቸውን ተሳልሜ በር በሩን እቀመጣለሁ፣ ጥቂት ቆይቼ ሥራ አለብኝ ብዬ ውልቅ። እሳቸው ያዩኛል፣ ምንም አይሉኝም። እኔም ምንም አልላቸውም። ፊት እንዲህ አልነበርንም። ልጅ ሳለሁ ከጉልበታቸው የማልጠፋ ነበርኩ።

እንዲህ እንዳለን ልጄን ወለድኩ። ሴት ናት። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። ያን ቀን ትጠመቃለች፣ ሜሮን ትቀባለች፣ ትቆርባለች፤ እናቲቱም ከወሊድ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የምትገባው ያን ቀን ነው። እኔና ባለቤቴ አስሙ ሳይጀምረኝ በቁርባን ነው የተጋባነው፣ ስለዚህ እኔም ከልጄ ጋር መቁረብ እችላለሁ። የዕለቱ ቀዳሽ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባቴ! ልጄን ታቅፌ ከአባቴ እጅ አብረን ልንቆርብ ነው። ይሄን ስሰማ ማልቀስ ብቻ ነው የቀረኝ። ከዚያ በላይ የተመኘሁት ነገር ያለ አይመስለኝም። ችግሩ ከዐለት ጠርዝ ላይ ሆኖ መቁረብ የሚባል ነገር የለም። መግባት ግድ ነው።

ሐኪሜን አማከርኩት። «ከመግባትሽ በፊት ሁለቴ ሳቢ፣ ቦርሳሽም ውስጥ ያዢ፣ መስኮት ሥር ቁሚ» አለኝ። ለሱማ ቀላል ነው። የሚቆርብ ሰው ግን ከዋዜማው ጀምሮ በአፉ የሚያስገባው ነገር የለም። ውሃም ቢሆን። ፊቱን ሲታጠብ ጠብታ አፉ ከገባች፣ ዝንብ እንኳ ሳያስበው ብትገባበት፣ ያን ቀን ቀረበት። እንግዲህ ዝንብ ከቁርባን ካስቀረች ፓፍ ምን ሊባል ነው? የሚሳበው በአፍ፣ ምላስ ላይ የሚተወውም መራራ ነገር። አባቴን ልጠይቅ ብል የዓመታት ነገሬ ሊዘረገፍ ነው። የንስሐ አባቴን ብጠይቅ ደግሞ «አይሆንም» ያሉኝ እንደሆነ አለቀልኝ። ስለዚህ ማንንም አልጠየቅሁም። ፓፏን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና እስክቆርብ ላልነካት ቆረጥኩ። እመቤቴ ታውቅልኛለች አልኩ፣ ጨረስኩ።

አማቴ ለክርስትናው ብለው ከአሸተን ማርያም ግርጌ ከሚኖሩበት ወርደው እኛ ጋ ሰንብተዋል። ደግ ሴት ናቸው። አራስ ሆኜ ገንፎውን በእጃቸው ነው ያጎረሱኝ፣ ልጄንም ከኔ በላይ ያዘሏት እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ፣ ሳስል ዓይናቸው ይከተለኛል። በዋዜማው አደስ ያለበት ቅቤ አናቴን ሊቀቡኝ ሲመጡ ወደኋላ ሸሸሁ።

«ምነው እቴ፣ መልካም ሽታ የሚጠላ ምን አለብሽ?» አሉኝ።

«ራሴን ያመኛል እናቴ፣ ለዛሬ ይቅርብኝ» አልኳቸው።

አማተቡ። እኔን እያዩ ነው ያማተቡት።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ወጣን። የልጄ የክርስትና እናት ሆቴል አብራኝ የምትሠራ ባልደረባዬ ናት፤ ፓፌን የምታውቅ፣ ጓሮ ስሮጥ ቦታዬን የምትሸፍንልኝ። ያን ቀን ሽቶ አልነካችም፣ ነጠላዋንም ሽታ በሌለው ሳሙና አጥባ ነው የመጣችው። እንደሷ ያለ ሰው ይስጣችሁ። «ሳብሽ ወይ?» አለችኝ ደረጃውን ስንወርድ። «ልቆርብ እኮ ነው» አልኳት። አፍጥጣ አየችኝ፣ ግን ካህናቱ ጀምረው ነበርና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ልጄ ውሃው ሲነካት ጩኸቷን ለቀቀችው፣ ሰዉም ደስ አለው። ሜሮኑን ቀቧት፣ ማዕተቧን አሰሩላት፣ ነጭ አልብሰው ለክርስትና እናቷ ሰጧት። እኔም ተቀብያት አንገቷ ሥር ሳምኳት። ውይ! ሜሮን ለካ እንደዚያ ነው የሚሸተው። ከሆቴሉ እንግዳ ሁሉ ሽቶ የሚበልጥ፣ ጥልቅ ያለ መልካም ጠረን። ጉሮሮዬን በላኝ። በስመ አብ! ሰው ከገዛ ልጁ ይሸሻል? በነጠላዬ አፌን ይዤ ትንሽ ሳልኩና ለባልደረባዬ መልሼ ሰጠኋት። አማቴ አዩኝ።

ውስጥ ገብተን ባለቤቴ ወደ ወንዶቹ ሄደ፣ እኛ በሴቶቹ በኩል ቆምን። መስኮቱ ሥር ልሁን ብዬ ነበር፤ መስኮቶቹ ግን በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈሉ ጠባቦች ናቸው፣ ብርሃን ቢያስገቡም አየሩን ብዙ አያላውሱትም። ሕዝቡ ሞልቷል፣ ዐለቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ጣሪያው ጠቁሯል። እንደምንም ብዬ በአፍንጫዬ በቀስታ እየተነፈስኩ ቆየሁ። የአባቴን ዜማ ከጉድጓድ አፋፍ ሳይሆን ከፊት ለፊቴ ስሰማው ደስታው ሌላ ነው። ልጅነቴ ሁሉ መጣብኝ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። እቋቋመዋለሁ ብዬ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ አባቴ የዕጣኑን ጥና ይዘው ወደ ሕዝቡ ወጡ። እያጠኑ በወንዶቹ በኩል ዞሩ። ሰው ዝቅ እያለ ጢሱን በእጁ ወደ ፊቱ ይስባል። ጥናው ላይ የተንጠለጠለው የሻኩራ ድምፅ ሲቀርብ አንድ ጊዜ ሳልኩ። ሁለተኛ ሳልኩ። ከዚያ ማቆም አልቻልኩም። ደረቴ ተዘጋ። አየር ለማስገባት ትከሻዬ ብቻ ወደ ላይ ይነሳል፣ የሚገባ ግን የለም። ፉጨቴ ለኔም ይሰማኛል።

አማቴ በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ያዙኝ። ሊያወጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ዕጣኑ ነው የገፉኝ።

«አባታችን፣ ያጥኑልኝ! ይልቀቃት! ከአራስነቷ ጀምሮ ነው የማውቀው!» ይላሉ እያለቀሱ። ሌሎቹም ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ፣ ከኋላም የሚገፋኝ እጅ በዛ። በክፋት አይደለም። እያዘኑልኝ ነው የሚገፉኝ፣ እግዜር ይይላቸው።

አባቴ ፊቴ ቆሙ። ጥናው እጃቸው ላይ ነው፣ ጢሱ በመካከላችን። ባልደረባዬ ልጄን ባንድ እጇ አቅፋ በሌላው ቦርሳዬን ከፈተችና ፓፏን አፌ ላይ ልትገጥምልኝ መጣች። እኔ ከንፈሬን ገጥሜ ራሴን ነቀነቅሁ። ሞት ፊቴ ቆሞ እኔ ከንፈሬን እገጥማለሁ!

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የአስም መድኃኒቷ ነው አባ። ዕጣንና ሽቶ አይስማማትም። እቆርባለሁ ብላ ከትናንት ጀምራ አልሳበችም።»

አባቴ እኔን አዩ። የዚያን ጊዜውን ፊታቸውን አልረሳውም። ጥናውን ወዲያው ለዲያቆኑ ሰጡና፣ «ወደ ውጭ ይዘህ ውጣ፣ ፈጠን በል» አሉት። ሌሎቹ ካህናት ዜማውን ይዘው ቀጥለዋል። አባቴ በልብሰ ተክህኗቸው ወደኔ ጎንበስ አሉ።

«ሳቢው ልጄ።»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ዕጣኑስ በየት ነው የሚገባ? በአፍ በአፍንጫ አይደለም ወይ? ይሄን ሁሉ ዘመን ሳጥን ማንን አስገድፌ አውቃለሁ? ይሄም ትንፋሽ ነው፣ እህል አይደል። ሳቢው። ጥፋት ከሆነ እኔ እጠየቅበታለሁ።»

ሳብኩ። ቆይቼ ደግሜ ሳብኩ። ባልደረባዬ ወደ በሩ አስጠግታ አስቀመጠችኝ፤ ደረቴ ቀስ እያለ ተከፈተ፣ ነፍሴ መለስ አለች። ቅዳሴው ቀጠለ። ዲያቆኑ ያለ ጥና ተመልሶ ገባ።

አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው ላቤን በነጠላቸው ጠረጉልኝ። «አይዞሽ፣ ዋናው ደኅና መሆንሽ ነው። ልጂቱ ትቆርባለች፣ አንቺ ግን ለዛሬ ቀረብሽ» አሉኝ በጆሮዬ። ሲሉኝ አልተቆጣሁም። እኔም ያደግሁበት ሕግ ነው፣ መራራው መድኃኒት ገና ምላሴ ላይ አለ። አባቴ ያሉት እኔን ለማዳን ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። አባት ልጁ ስትታፈን ምን የማይል አለ? በድፍረት መቅረብ ቢሆንብኝስ? ለኔም ለልጄም ፈራሁ።

የመቁረቢያው ሰዓት ደረሰ። ቀድሞ የሚቆርቡት ሕፃናት ናቸው። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተራ በተራ ቀረቡ፣ ተመለሱ። ባልደረባዬ ልጄን ይዛ እኔን አየችኝ። «አንቺው ውሰጃት» አልኳት በእጄ። አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች። አባቴ እጃቸውን አልዘረጉላትም፤ በሷ ትከሻ አሻግረው እኔን ነው የሚያዩት። ሕፃናቱ አልቀው ትልልቆቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። አባቴ እንደቆሙ ናቸው። በእጃቸው አልጠሩኝም። ጠበቁኝ።

ተነሳሁ። ልጄን ተቀብዬ ቀረብኩ። ለሷ ሰጧት፣ ከዚያ ለኔ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ስመለስ አማቴ ጥጋቸውን ይዘው ያለቅሳሉ። ስንወጣ ለጎረቤታቸው፣ «ሰይጣን ቢሆን ኖሮ እዚያ ድረስ አይጠጋም ነበር፣ አይደለም እንዴ? በሽታ ነው እንግዲህ፣ በሽታ!» ሲሉ ሰማኋቸው። በጎረቤታቸው ፊት ነገሩን የቋጩት እሳቸው ናቸው፣ ከዚያ ወዲያ ቢጠይቋቸውም ሌላ አይሉም።

ቅዳሴው አልቆ ሁላችንም ደረጃውን ወጥተን ከላይ ከዐለቱ ጠርዝ ላይ ቆምን። ፀሐይ ወጥታለች። ሰዉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ያልፋል። አባቴ ልብሰ ተክህኗቸውን አውልቀው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በመቋሚያቸው እየተደገፉ መጡ። ልሳለማቸው ስጠጋ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው «ቆይ! እዚያው ሁኚ» አሉኝ።

ከዚያ ጥቂት ቆመው ነፋሱን አዳመጡ። የጋቢያቸውን ጫፍ ለቀቅ አድርገው ወዴት እንደሚወስደው አዩ። ዞሩና ነፋሱ ከኔ ወደሳቸው በሚነፍስበት በኩል ሄደው፣ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እዚህ ስሆን ይደርስሻል?» አሉኝ።

«አይደርሰኝም አባ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሆቴል ከገባሁ ወዲህ።»

መሬቱን በመቋሚያቸው ጫር ጫር አደረጉ።

«እኔ ደግሞ ሆቴሉ የቀየረሽ መስሎኝ» አሉ። «ውስጥ መግባት ስትተዪ፣ ቤቴ መጥተሽ በር በሩን ስትቀመጪ፣ ፈረንጅ ለምዳ አሮጌው አባቷ አሳፈራት ብዬ። እንዳልቆጣሽ፣ ጭራሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«አባ! ኧረ እንዴት እንዲህ ያስባሉ? እሑድ እሑድ እዚህ ቆሜ ድምፅዎን ስሰማ ነበር። አራስ ቤት እስክገባ አንድ እሑድ አልቀረሁም እኮ።»

«እዚህ?»

«እዚሁ።»

አባቴ ቀና ብለው የቆምኩበትን ቦታ አዩ፣ ከዚያ ወደ ታች ወደ ጣሪያው። ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። እኔም አለቀስኩ፣ ትንፋሽ ሳያጥረኝ እንደልቤ። ባለቤቴ ልጃችንን ወስዶ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ግንባሯን ስመው አቀፏትና ወደኔ ዞሩ።

«ከእንግዲህ አንቺ አትሽሺ» አሉኝ። «የት እንደምትቆሚ ብቻ ንገሪኝ። እኔ ነኝ የምዞር።»